የብክለት ተጋላጭነት ካርታ፦ ከባሕር ዳርቻ እስከ ይፋት ቆላ

የብክለት ተጋላጭነት ካርታ አንድ መሬት ወይም ውሃ መርዝ ቢያርፍበት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጎዳ አስቀድሞ የሚያሳይ ካርታ ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች «ቨልነረቢሊቲ ማፕ» ይሉታል። የተበከለ ቦታን ከሚያሳይ ካርታ ጋር መምታታት የለበትም። ያኛው የሚሠራው ጉዳቱ ከደረሰና ውሃው በላቦራቶሪ ከተመረመረ በኋላ ነው፤ ይህኛው ግን ዛሬ ንጹሕ ስለሆነው ጉድጓድ ይናገራል።

ሥራው በባሕር ዳርቻ የቆየ ነው። አሜሪካ ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዳርቻዎቿን ለነዳጅ መፍሰስ ባላቸው ስስነት ከ1 እስከ 10 ደረጃ እየሰጠች በካርታ አስፍራለች። ማዕበል የሚመታው ቋጥኝ ገደል 1 ያገኛል፤ ዘይቱን ማዕበሉ ራሱ ያጥበዋልና። ረግረጉና የማንግሮቭ ደኑ 10 ያገኛሉ፤ እዚያ የገባ ዘይት ለዓመታት አይለቅም። መርከብ አደጋ ደርሶበት ነዳጅ ሲፈስ ዳርቻውን በሙሉ መከላከል ስለማይቻል፣ የቱ ይቅደም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከካርታው ይገኛል።

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ይሁንና በሰሜን ሸዋ ካሉት የይፋት ተራሮች ወርደው በሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚያልፉት እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉ ወንዞች የአዋሽ ተፋሰስ ናቸው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዚህ ተፋሰስ የተጣለ ነገር ወደ ውቅያኖስ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ለእኛ ከዳርቻው ይልቅ የሚያሳስበው ከእግራችን በታች ያለው ውሃ ነው፤ ካርታውም ለእሱ ይሠራል።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው የመሬቱን አሠራር በዓይኑ ያየዋል። ወንዞቹ ከገደሉ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ስለሚደክም ትልልቁን ድንጋይና ጠጠር በተራራው ግርጌ ጥለው፣ ደቃቁን ደለል ይዘው ወደ ሜዳው መሐል ይዘልቃሉ። ያ የጠጠር ክምር ውሃ የሚያከማች ጥሩ ማኅደር ነው። የይፋት ገበሬ በሞተር ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው፣ ቆላውም በማሾ የሚታወቀው በዚሁ ደለል ላይ ነው። ግን ውሃውን ቶሎ የሚያስገባው ጠጠር ማዳበሪያውንና ፀረ ተባዩንም ቶሎ ያስገባል፤ ወንፊት አይመርጥም። ለጉድጓድ የተመረጠው ቦታ ብዙውን ጊዜ ለብክለትም እጅግ የተጋለጠው ነው። የካርታው ትልቁ ቁም ነገር ለእኔ ይህ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃን ተጋላጭነት በ1968 (እ.ኤ.አ.) እንደ ሙያ ቃል ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ዣን ማርጋ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ስልት ደግሞ በ1987 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በኩል የወጣው «ድራስቲክ» ነው። ሰባት ነገሮችን ይመዝናል፦ የውሃው ጥልቀት፣ ወደ ታች የሚሰርገው የዝናብና የመስኖ ውሃ መጠን፣ ውሃ አዘሉ አለት፣ አፈሩ፣ ተዳፋቱ፣ ከአፈሩ በታችና ከውሃው በላይ ያለው ንብርብር፣ በመጨረሻም አለቱ ውሃ የማስተላለፍ አቅሙ። ክብደታቸው እኩል አይደለም። ጥልቀቱና መካከለኛው ንብርብር 5፣ 5 ሲያገኙ ተዳፋቱ 1 ብቻ ያገኛል። መርዙ የሚዘገይበት፣ በሸክላ አፈር የሚያዝበት ወይም በረቂቅ ሕዋሳት የሚፈርስበት መንገድ በእነዚያ ሁለቱ ስለሚወሰን ነው።

ለእርሻ አገር የተዘጋጀ ሌላ ቅጂም አለ። ፀረ ተባይ በሚረጭበት ቦታ የአፈሩ ክብደት ከ2 ወደ 5፣ የተዳፋቱ ከ1 ወደ 3 ከፍ ይላል። ትሪፕስ በተባለው ተባይ ምክንያት ሽንኩርት ደጋግሞ ለሚረጭበት ለሸዋ ሮቢት ሜዳ የሚስማማው ይህ ቅጂ ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ከመፍሰስ ይልቅ ተኝቶ ይሰርጋል። ከማዳበሪያው የሚመጣው ናይትሬት ግን በየትኛውም አፈር በቀላሉ አይያዝም፣ ከውሃው ጋር ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ይበልጥ የሚጎዳው በጡጦ የሚመገብ ጨቅላ ነው።

ስለ አማርኛው ቃል አንድ ነገር ልበል። «ተጋላጭነት» በየመሥሪያ ቤቱ ለሁለት ነገር ይውላል፦ አደጋው መንገድ ላይ ለመገኘት፣ እና በደረሰ ጊዜ በቀላሉ ለመጎዳት። ለመጀመሪያው «መጋለጥ»፣ ለሁለተኛው «ተጋላጭነት» ብንል ይለያያሉ። ከወንዙ ዳር ያለ የእጅ ጉድጓድ አጠገቡ መጸዳጃ ባይኖርም ተጋላጭ ነው፤ መጸዳጃው ሲቆፈር ተጋለጠ ማለት ነው።

በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 (ዓ.ም.) የታዘዘው ግምገማ በአብዛኛው የሚደረገው ለአንድ ፕሮጀክት ነው። የነዳጅ ማደያው፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያና የሴፕቲክ ታንኩ በየተራ ሲመጡ ግን መሬቱን በሙሉ አንድ ላይ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ጉድጓዶች በተመራማሪዎች እንዲህ ታይተዋል፤ ለቆላ ከተሞችም ይገባል። መነሻው ውድ አይደለም። ጉድጓድ ሲቆፈር የሚመዘገበው የንብርብር ዝርዝርና የአፈር ካርታው ቢሰበሰቡ፣ በየጉድጓዱም የውሃው ጥልቀት በገመድ ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና ድርቁ ሲበረታ በግንቦት፣ ቢለካ የመጀመሪያውን ረቂቅ ለመሥራት ይበቃል። በካርታው ላይ እጅግ ተጋላጭ ተብሎ ቀይ የተቀባው ቦታ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ግን የከተማው ምክር ቤትና ሞተሩን የሚነዳው ገበሬ ስለሆነ፣ ካርታው በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።