በረሃ ለሚወርዱ መንገደኞችና ሠራተኞች፦ የነፍሳት ንክሻ መከላከያና ማከሚያ መንገዶች

ክረምቱ ጠንከር ሲል ከደጋውና ከወይና ደጋው በርካታ ሰዎች ወደ መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆና ሁመራ ይወርዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ አረም ይጠብቃቸዋል፤ መስከረም ሲገባደድ የሰሊጥ አጨዳው ይደርሳል፤ ከዚያም የማሽላ ቆረጣው ይቀጥላል። ከጉልበት ሠራተኛው ጋር ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ የትራክተር ኦፕሬተሩና ለልዩ ልዩ ጉዳይ ከከተማ የሚሄደው ሰው ሁሉ በዚያው በረሃ ያድራል። ለጉዞው ስንቅ፣ ማጭድና የዝናብ ላስቲክ ይታሰባሉ። አጎበር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ንክሻው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት የሚጠፋ ማሳከክና እብጠት ነው። አደጋው ያለው ንክሻው ትቶት በሚሄደው በሽታ ላይ ነው። ወባ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ካላዛር ግን ሠራተኛው ወደ ቀዬው ከተመለሰና ንክሻውን ከረሳው በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄው ከቤት ሲነሱ ይጀምራል፤ የሚያበቃውም ከተመለሱ ከወራት በኋላ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ የተከሰተው ለዚህ ምስክር ነው። ከበረሃው ርቆ በሚገኘው በዚህ ወረዳ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ታመው ብዙዎቹ ሞቱ። ሕመሙ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። በኋላ በተደረገ ምርመራ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ከቆላው የእርሻ ሥራ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል።

ነካሾቹን ለይቶ ማወቅ

የወባ ትንኝ የምትናከሰው በዋናነት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የምትራባው በኩሬ፣ በረግረግና ዝናብ በሚያቁራቸው ጉድጓዶች ነው። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ከሰሊጥ አጨዳው ጋር ይገጥማል።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የትንኝን ሲሦ ያህል ብትሆን ነው። እንደ ትንኝ ድምፅ ስለማታሰማ መምጣቷ አይታወቅም። ቀን ቀን በደረቀ ዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥና በዛፍ ቅርፊት ሥር ትደበቃለች፤ ሲመሽ ትወጣለች። ደካማ በራሪ ስለሆነች ከመሬት ብዙም አትርቅም። በግራር ጥላ ሥር፣ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ላይ የሚተኛ ሰው በመኖሪያዋ ደጃፍ እንዳደረ ይቆጠራል። ክረምቱ የትንኝን መራቢያ ሲያበዛ፣ የበጋው ድርቀት ደግሞ ለአሸዋ ዝንብ ይመቻል።

በቀን የሚናከሱም አሉ። ጥቁር ዝንብ በፈጣን ወንዞች ዳር ትገኛለች፤ የቆዳ ማሳከክንና የዓይን መታወርን የሚያስከትለውን ኦንኮሰርኪያሲስ ታስተላልፋለች። የቆላ ዝንብ በዋናነት ከብትን በገንዲ በሽታ ትጎዳለች፤ ሰማያዊና ጥቁር ቀለምም ይስባታል። በበርሜል፣ በአሮጌ ጎማና ክዳን በሌለው ጀሪካን በተጠራቀመ ውኃ የምትራባ ሌላ የትንኝ ዓይነት ደግሞ ደንጊና ቢጫ ወባን ልታስተላልፍ ትችላለች።

ብዙ ሰው ተፋፍጎ በሚያድርበት መጠለያ ቅማል፣ ትኋንና ቁንጫ ይበዛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው የልብስ ቅማል ነው፤ ግርሻንና የቅማል ተስቦን ያስተላልፋል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ መታረም አለበት። የግርሻ ተሕዋስያን ያሉት በቅማሉ አካል ውስጥ ስለሆነ፣ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅና በዚያው ጣት ማከክ በሽታውን በተቧጠጠ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ማስገባት ነው።

ከቤት ሲነሱ

ከስንቁ ጋር በኬሚካል የተነከረ አጎበር ይያዙ። ያልተነከረ ተራ አጎበር ትንኝን ቢያግድም፣ ቀዳዳው ለአሸዋ ዝንብ ሰፊ ሊሆን ይችላል። በተነከረው አጎበር ላይ ግን ዝንቧን ኬሚካሉ ይገታታል። አጎበሩን በአራት ማዕዘን ወጥሮ ለማሰር የሚያገለግል ገመድ አብሮ መያዝ ይገባል።

እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ ያዘጋጁ። ልብሱ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ከገላ ጋር በተጣበቀ ስስ ጨርቅ ላይ ትንኝ አልፋ ትናከሳለችና። ቅማልን ለመከላከል ቢያንስ አንድ ቅያሪ ልብስ ያስፈልጋል።

አቅም የፈቀደለት ሰው ነፍሳትን የሚያርቅ ቅባት ከፋርማሲ ሊገዛ ይችላል። ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲኢቲ ያለበት ቅባት ለሰዓታት ይከላከላል። ልብስ ባልሸፈነው ቆዳ ላይ ብቻ ይቀባል፤ ዓይን፣ አፍና ቁስል አይነካም። ላብ ስለሚያጥበው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መመሪያ መሠረት መድገም ይገባል። ዕድሜያቸው ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃናት አይቀባም። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች ወደ ወባማ አካባቢ ከመሄዳቸው በፊት የጤና ባለሙያ ቢያማክሩ መልካም ነው።

በእርሻው ቦታ ማደሪያን መምረጥ

ማደሪያዎ ከግራር ጥላ፣ ከተሰነጠቀ ዋልካ አፈር፣ ከምስጥ ኩይሳና ከቆመ ውኃ የራቀ ይሁን። በባዶ መሬት ላይ ከመተኛት ይልቅ ከእንጨት ርብራብ የተሠራ ከፍ ያለ መኝታ ይሻላል። የአጎበሩ ጠርዝ ከምንጣፉ ሥር በሚገባ ይጠቅጠቅ። ፀሐይ ስትጠልቅ እጅጌና ሱሪ ይውረድ፤ እራት ሲበላ፣ ሲጫወቱና ስልክ ሲያወሩ የሚቆየው ሰዓት ነፍሳቱ የሚሠማሩበት ነውና።

ከሙቀቱ የተነሣ ሌሊት ማጨድን የሚመርጡ ሠራተኞች አሉ። ለእነዚህ አጎበር አይደርስላቸውም፤ መከላከያቸው ሙሉ ልብስና ቅባት ነው። ጭስ ነፍሳትን ለጊዜው ሊቀንስ ቢችልም አጎበርን አይተካም፤ በተዘጋ ዳስ ውስጥ ሲሆንም ሳንባን ይጎዳል።

አጎበር የሰሊጥ መሸፈኛ፣ የዓሣ ማጥመጃ ወይም ገመድ መሆን የለበትም። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃና በተራ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ይሰጣ፤ ፀሐይ የተነከረበትን ኬሚካል ያዳክማል። ኬሚካሉ ዓሣን ስለሚገድል እጣቢው ወንዝ ውስጥ አይደፋ። የተቀደደውን ወዲያውኑ መስፋት ይገባል።

ከሁሉም የከፋው ለሰብል የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ኬሚካል በገላ፣ በፀጉር፣ በልብስ ወይም በመኝታ ላይ መርጨት ነው። ማላታይንና መሰል የሰብል ኬሚካሎች በቆዳና በትንፋሽ ገብተው ሰውን ይመርዛሉ። ለቅማል የሚበጀው ልብስን በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ስፌቱን በካውያ መተኮስና ገላን መታጠብ ነው።

ሲነከሱ ምን ይደረግ?

የተነከሰውን ቦታ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይጠቡ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ቢያስቀምጡበት እብጠቱና ማሳከኩ ይቀንሳል። ካላማይን ወይም 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ከፋርማሲ ማግኘት ይቻላል። ማሳከኩ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ እንደ ሲትሪዚን ያለ ፀረ አለርጂ እንክብል በባለሙያ ምክር ይወሰዳል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ ወስዶ መኪና ወይም ትራክተር መንዳት አይገባም።

ቦታውን ማከክ ቆዳን ይልጣል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥ፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ትልቅ ጥቅም አለው። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ እበትና አመድ በንክሻ ላይ መቀባት ቁስሉን ከማባባስ በቀር ፋይዳ የለውም። ንብ የነደፈ እንደሆነ የቀረውን መንደፊያ ሳይዘገዩ ጠርጎ ማውጣት ያስፈልጋል። መዥገር የተጣበቀ እንደሆነ ከቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ በእሳት ማቃጠል ተገቢ አይደለም።

ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ወይም መላ ሰውነት ሽፍ ካለ ሕይወትን የሚያሰጋ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሰውየው ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የተነከሰው ቦታ ቅላቱ እየሰፋ፣ እየጋለና መግል እየያዘ ከሄደም መታየት አለበት።

ትኩሳት ሲመጣ

በበረሃ ሳሉ ወይም ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ከተሰማዎ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ ያድርጉ። ሳይመረመሩ ከሱቅ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥም፣ ሻል ሲል ማቋረጥም በሽታውን ያጠነክረዋል። ለወባ የታዘዘው መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይወሰድ። አንዱ የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ ከአንድ ጊዜ ሕክምና በኋላ የመጣን ትኩሳትም መናቅ አይገባም።

ካላዛር አብዛኛውን ጊዜ ከንክሻው ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጣል። በኅዳር የተመለሰ ሠራተኛ በጥር ወይም በመጋቢት ሊታመም ይችላል ማለት ነው። ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት፣ መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የደም ማነስና በግራ ጎን የጣፊያ ማበጥ ናቸው። ክሳቱ ከሁዳዴ ጾም ጋር ሲገጥም ከጾሙ የመጣ መስሎ ሊታለፍ ይችላል። ካላዛር ካልታከመ በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ይሁን እንጂ በሽታው ይታከማል፤ በጊዜ የደረሰ ታማሚ ይድናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ጨምሮ ሕክምናውን የሚሰጡ ተቋማት በክልሉ አሉ።

በደጋውም ቢሆን ሽኮኮ በሚኖርባቸው ዋሻዎችና ገደሎች አቅራቢያ የሚያድሩ መንገደኞችና እረኞች ሌላ ዓይነት የአሸዋ ዝንብ ትነክሳቸዋለች። የዚህ ውጤት ቁንጭር ነው። ፊት ላይ የወጣች ትንሽ እብጠት ለሳምንታት ሳትድን ከቆየች መተኮስም ሆነ መብጣት ጠባሳውን ያሰፋዋል እንጂ አያድንምና ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

የአሠሪውና የቤተሰቡ ድርሻ

ሠራተኛ የሚቀጥሩ ባለሀብቶችና አርሶ አደሮች ከግራር ሥር የራቀ መጠለያ፣ በቂ አጎበርና የልብስ ማጠቢያ ውኃ ቢያዘጋጁ ትርፉ ለራሳቸውም ነው፤ በአጨዳ ወቅት የታመመ ሠራተኛ ማሳው ላይ የሚረግፍ ሰሊጥ ማለት ነውና።

ቤተሰብም ከበረሃ የተመለሰ ልጁን ወይም የትዳር አጋሩን ለወራት በዓይን ይከታተል። ታማሚው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ስለ ትኩሳቱ ብቻ ተናግሮ ዝም አይበል። የጤና ባለሙያው ባይጠይቅ እንኳ “መተማ ለአረም ሄጄ ነበር፤ ውጭ ነበር የማድረው” ብሎ መናገር ይኖርበታል። ትክክለኛውን ምርመራ ለማዘዝ ባለሙያው የሚመራው በዚህ ቃል ነው።