ምስጠራ፣ ሰትርና ፉርቱ

እንግሊዞች ብዙ ስም የሚያፈራርቁባትን ትንሽ ዕቃ እኛ ከመጀመሪያው «ፍላሽ» ብለን ቀረን። ስሙ የተወለደው ጃፓን ነው። የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ሜሞሪ መረጃን በአንድ ጊዜ ጠርጎ ሲያጠፋ፣ ባልደረባው ሾጂ አሪኢዙሚ የካሜራ ብልጭታ ታየውና «ፍላሽ» አለው። ስሙ ግን ያዘናጋል። ከፍላሽ ላይ ፋይል ስናጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚሰረዘው ማውጫው ነው፤ የመታወቂያው ቅጂ፣ የቤቱ ካርታ፣ የሠርጉ ፎቶ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆያል። ፍላሹን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

መከላከያውን «ምስጠራ» እንለዋለን። «ምስጢር» ወደ ግእዝ የገባው ከግሪኩ «ሚስቴሪዮን» ነው፤ ከሥሩ ያለው ግስ ዓይንን ወይም አፍን መክደን ማለት ነው። ቤተ ክህነት አምስቱን አዕማደ ምስጢር ስታስተምርበት ኖረች፤ ከስሙ «መሰጠረ» የሚል ግስ ወጣ፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ከዚያ ቀዱ።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከሚሴ ላይ ግን ሌላ ቃል በየዕለቱ ይሰማል፦ «አላህ ይሰትረን»። «ሰተረ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሸፈነ፣ ጋረደ። ድምፁ ስለሚቀራረብ ምስጢርንና ሰትርን ወንድማማች ማድረግ ያምራል። እኔን ግን «ጥ» ይከለክለኛል። የግሪኩ «ት» ግእዝ ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ «ጥ» ይሆናል፤ ጴጥሮስንና ጢሞቴዎስን ማየት ነው። የዐረብኛው «ት» በሰትር ላይ እንዳለ አለ።

ሁለቱም ቃላት የሚናገሩት ስለ መክደን ነው፤ የተመሰጠረ ፍላሽ ግን አልተከደነም። ያገኘው ሰው ይሰካዋል፣ ውስጡ የተጻፈውንም አንድ ባንድ መቅዳት ይችላል። የሚያገኘው ግን መያዣ መጨበጫ የሌለው የዜሮና የአንድ ዝርግፍ ነው። ዜሮም የዚሁ ታሪክ ዘመድ ነው። ዐረቦች ባዶውን «ሲፍር» አሉት፤ ቃሉ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በጣልያን አፍ «ዜሮ»፣ በእንግሊዝ አፍ «ሳይፈር» ሆነ። ደብዳቤን በቁጥር እየለወጡ መጻፍ ሲለመድ ደግሞ «ሳይፈር» ስውር ጽሑፍ የሚል ትርጉም ደረበ።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚስማማውን ቃል ያገኘሁት በዞኑ የሥራ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ነው። ቁልፍ «ፉርቱ» ይባላል፤ «ፉሩ» ደግሞ መፍታት ነው። ኦሮምኛው ቁልፍን የሚያየው ከመፍታት በኩል ነው። አማርኛም ይህን አይስተውም፤ ምስጢር ይቋጠራል፣ ህልምና እንቆቅልሽ ይፈታል። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ብሯን በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረች እናት ቋጠሮውን ከማንም አልሸሸገችም፤ የምትጠነቀቀው የት እንደምትፈታው ነው። ፍላሽም እንዲሁ ነው። በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከተፈታ ለዚያ ኮምፒውተርም ተፈቷል፤ ቫይረስ ካለበትም ለቫይረሱ። ለኅትመት የሚፈለገውን ገጽ ብቻ በሌላ ባዶ ፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻላል።

«የይለፍ ቃል» ነው የማይጥመኝ። ቃሉ የበር ጠባቂ ቃል ነው፤ ትክክለኛውን ስትነግረው «ይለፍ» ይላል። ለአንድ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር መግቢያ ይሄዳል፤ ጠባቂውን የሚያዘው አለቃም አለና ለረሳ ሰው ሌላ ቃል ይሰጣል። በምስጠራ ፕሮግራሞቹ በቢትሎከር ወይም በቬራክሪፕት የተቋጠረ ፍላሽ ላይ ግን ጠባቂ የለም። የምንጽፈው ቃል ፋይሎቹን የሚፈታው ቁልፍ የሚገኝበት ነው፤ ከጠፋ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። ቢትሎከር ገና ሲቋጥር 48 አኃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ የሚሰጠው ለዚህ ነው። እሱን በወረቀት ገልብጦ፣ ፍላሹ ከሚዞርበት ቦርሳ ለይቶ፣ እቤት ከሰነዶች ጋር ማስቀመጥ ነው።