በገላፊ አሸዋ የተገኘ ሳንቲም

ከአዋሽ ተነሥቶ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፎ ከጅቡቲ ወሰን በሚደርሰው አውራ ጎዳና መጨረሻ፣ በገላፊ ኬላ፣ በተለይም ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአሰቡ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞሮ የከባድ መኪናው ሰልፍ ከበዛ ወዲህ፣ ከሾፌርና ከረዳት ኪስ ሾልኮ አሸዋ የሚውጠው ዝርዝር የሁለት መንግሥታት ገንዘብ ነው፤ አንደኛው የ1969 ዓ.ም. ቁጥር ያለበት የእኛው ባለ አንበሳ ሳንቲም፣ ሁለተኛውም በዚያው ዓመት በወርኃ ሰኔ ነፃ የወጣችው ጅቡቲ የግመል ሥዕል አስቀርጻ ያወጣችው መቶ ፍራንክ።

ጨውና ሐሩር የተባበሩበት አፈር ለማዕድን አይራራም፤ ናሱ ይጠቁራል፣ ነጩም ይደበዝዛል። ይህን ለማጥራት የዘመኑ ሰው ያገኘው ብልሃት ሳንቲሙን ከደቃቅ ጠጠር፣ ከውኃና ከጥቂት ሳሙና ጋራ በምትሽከረከር ትንሽ በርሜል ከትቶ ለሰዓታት ማንከባለል ነው። ናሱን ከነጩ የደባለቀ ግን ነጩን መዳብ አልብሶ፣ አቅልቶ ያወጣዋል። ማግኔት የሚስበው የ1996ቱ ሳንቲምማ ውስጡ ብረት ነውና፣ ልባሱ ከተገፈፈ ዝገቱን ራሱ ይጠራል።

የቀድሞው ነጋዴ ከዝገት ይልቅ የሚፈራው መፋቅን ነበር። የኦስትሪያይቱ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ካረፈች በኋላም፣ ያረፈችበትን በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 የሚለውን ቁጥር እንደ ያዘ ሲታተም የኖረው፣ ክብደቱ 28 ግራም የሆነው ጠገራ ብር፣ ከታጁራ በአፋር በረሃ ወደ ሸዋ በሚወጣው የሲራራ ጎዳና፣ ባለቅኔው ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ አስጭኖ በመጣበት ዘመን፣ ዋነኛው መገበያያ ነበረ፤ ተቀባዩም በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ሉሎች በጥፍሩ እየዳሰሰ ይቈጥር ስለ ነበር፣ ሉሉ የተላጨውን ብር አልቀበልም ማለቱ አያስነውረውም ነበር። እንዲህ ያለው ብር ዕጣው ብዙ ጊዜ የአንጥረኛው ከውር ነበረ፤ እዚያ ቀልጦ መስቀል ወይም አልቦ ይሆን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ መልካቸውን አስቀርጸው በፓሪስ ያሳተሙት፣ የ1887 ዓ.ም. ቁጥር ያለበት ብር እንኳ፣ በክብደት ከጠገራው ጋራ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡን ከሉሉ ቈጠራ ቶሎ አላስጣለውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከመንገድ ዳር ያነሡትን 10 ሳንቲም እንደ ወደዱ ያንከባልሉት፤ ጠገራ ወይም የምኒልክ ብር ካገኙ ግን በውኃ ብቻ አለቅልቀው፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቀው ይተዉት፤ የተፋቀውን ሰብሳቢ በሙሉ ዋጋ አይገዛዎትም።