ጋሜ፣ ሳዱላ፣ ቱዊስት፦ የልጅ ፀጉር ስሞች ታሪክ በአማርኛና በአጎራባች ቋንቋዎች

በጁባም ሆነ በናይሮቢ ወይም በአዲስ አበባ የፀጉር ሥራ ቤቶች፣ የሕፃን ልጅ ፀጉር በሁለት በሁለት ዘለላ እየተገመደ ሲሠራ መጠሪያው «ቱዊስት» ነው። አሠራሩ ለዓይን ቀላል ይመስላል። በማበጠሪያ የተለየው ጥቂት ፀጉር ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዘለላ በአንድ አቅጣጫ እንዲከርር ይደረጋል፤ ከዚያም ሁለቱ ዘለላዎች በተቃራኒው አቅጣጫ እርስ በርሳቸው ይጠማዘዛሉ። አንዱ ሊፈታ ሲሻ ሌላው ስለሚይዘው ፀጉሩ ያለ ቋጠሮ ይጸናል። ገመድ የሚጸናውም በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ድርጊቱ አማርኛ ተናጋሪው የማያውቀው ነገር አይደለም። ቋንቋው ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆኑ ግሦች ሞልተውታል፦ ፈተለ፣ ገመደ፣ አከረረ፣ ጠመዘዘ፣ ጎነጎነ፣ ሸረበ። ታዲያ ይህን ያህል ግሥ ያለው ቋንቋ ስሙን ለምን ተዋሰ?

ፋሽኑ ከውጭ ስለ መጣ ስሙም ከውጭ መጣ የሚለው መልስ ስሕተት ባይሆንም አጥጋቢ አይደለም። ከውጭ የመጣ ብዙ ነገር የአገር ስም ወጥቶለታል። አጥጋቢው ምክንያት ያለው በራሱ በአማርኛ የልጅ ፀጉር ቃላት ታሪክ ውስጥ ነው። እነዚህ ቃላት፣ ማለትም ቁንጮ፣ ጋሜና ሳዱላ፣ ዛሬ «የፀጉር አሠራር» ተብለው በአንድ መደብ ቢጠሩም፣ የተሰየሙት ፀጉሩ እንዴት እንደ ተሠራ ለመናገር አልነበረም። ልጁ ወይም ልጅቱ የት ደረጃ ላይ እንደ ደረሱ ለመናገር ነበር።

ቃላቱን አንድ በአንድ ማየት ይገባል። ቁንጮ ሌላው ተላጭቶ በአናት ላይ የሚቀር ጉፍታ ፀጉር ነው። በተለይ የወንድ ልጅ ምልክት ነበር፤ ሕፃኑ ቢሞት መልአኩ በዚያ ይዞ ወደ ሰማይ እንዲያነሣው ነው የሚል ትርጓሜም በሕዝብ ዘንድ ይነገራል። ጋሜ ከቦታ ቦታ መልኩ ቢለያይም፣ ምላጭ የራሱን ከፊል ጠርጎ ዙሪያውን ወይም ጎን ለጎኑን የሚተወው የልጅ ፀጉር ነው። ሳዱላ ደግሞ አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ያደገ የልጃገረድ ፀጉር ነው፤ ስታገባ አናቱ እንዲያድግ ይተውና ሙሉው ፀጉር ለሹሩባ ይበቃል። ሦስቱም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፦ የምላጭ ሥራ ናቸው። የሚናገሩት የትኛው ፀጉር እንደ ቀረና የትኛው እንደ ተወገደ ነው። የቀረው ፀጉር ይሸረብ፣ ይገመድ ወይም ዝም ብሎ ቅቤ ይቀባ፣ ስሙ አይለወጥም።

ሹሩባ ከእነዚህ ጋር አይመደብም። ሸረበ ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ፣ የእጅ ሥራን የሚገልጽ ስም ነው። ስለዚህም «ቀጭን ሹሩባ» እያለ በሥራው ዓይነት ይከፋፈላል፤ አልባሶን የመሳሰሉ የአዋቂ ሴት ስሞችም የሚገቡት እዚህ ነው።

የሁለቱ መደቦች ልዩነት በትርጉም ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ለክርክር ክፍት በሆነ ነበር። ነገር ግን በሰዋስውም ይታያል። «ልጅቱ ሳዱላ ነች» ይባላል፤ «ልጅቱ ሹሩባ ነች» ግን አይባልም፤ የሚባለው «ሹሩባ ተሠራች» ነው። «ጋሜ ሳለ» ይባላል፤ «በጋሜነቱ» ሲባልም አድማጩ የሚረዳው «በልጅነቱ» ማለት መሆኑን ነው። ‹‑ነት› የሚለው ባዕድ መድረሻ ጋሜንና ሳዱላን ያለ ችግር ይቀበላል፣ ሁለቱም የሰው ሁኔታ ስሞች ናቸውና። «ሹሩባነት» የሚለውን ግን የአማርኛ ጆሮ ይገፋዋል። ፀጉሩ ከራስ ላይ ከወረደ በኋላ ጋሜና ሳዱላ የዕድሜ ቃላት ሆነው የቀጠሉት ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያውም ግማሽ ትርጉማቸው ዕድሜ ነበር። የቁንጮ መንገድ ትንሽ ይለያል። የቆመበት ቦታ አናት ስለ ሆነ ወደ ከፍታ ሄደ፤ ዛሬ «የሥልጣን ቁንጮ» የሚል የጋዜጣ አንባቢ የሕፃን ጉፍታ ፀጉር ትዝ አይለውም። (የግሦቹ ዕጣ ደግሞ ሌላ ነው። ሸረበም ጎነጎነም ከፀጉር ተነሥተው ወደ ሴራ ገብተዋል። ብዙ ዘለላ በስውር ማያያዝን በበጎ የሚያይ ቋንቋ አይመስልም።)

ጋሜ ከሌሎቹ በበለጠ ሊመረመር የሚገባው፣ ቃሉ የአማርኛ ብቻ ስላልሆነ ነው። በቦረና ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ውስጥ ጋሜ ታዋቂ የእርከን ስም ነው። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ በሚናገር መጽሐፋቸው እንደ ገለጹት፣ እርከኖቹ በስምንት በስምንት ዓመት የተቀመሩ ናቸው። የመጀመሪያው ዳባሌ ይባላል። በዚህ እርከን ያሉ ወንዶች ልጆች ፀጉራቸው አይቆረጥም፤ ረዝሞ ይተዋል፤ አጠራራቸውም እንደ ሴት ልጅ ነው። ከእርከኑ ሲወጡ ይላጫሉ፤ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ፤ እሱም ጋሜ ነው፣ ታናሹና ታላቁ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ። ስሙ የፀጉሩም የእርከኑም ነው። እዚህ ላይ ፀጉር የዕድሜ ምልክት ነው ማለት ብቻ አይበቃም። ልጁ ከእርከን ወደ እርከን መሻገሩ የሚፈጸመው በምላጭ ነውና ፀጉሩ የሥርዓቱ አካል ነው።

አማርኛው ጋሜና የቦረናው ጋሜ በድምፅም በትርጉምም ይህን ያህል ከተቀራረቡ፣ በአጋጣሚ ተመሳሰሉ ማለት ያስቸግራል። በማን በኩል ወደ ማን ሄደ ለሚለው ጥያቄ ሚዛኑ ወደ ኦሮምኛ ያደላል። በኦሮምኛ ቃሉ ከዳባሌ በኋላ፣ ከሌሎች እርከኖች በፊት፣ በተከታታይ ስሞች መካከል ቦታ አለው፤ በአማርኛ ግን ብቻውን የቆመ፣ ከሥሩ ግሥ የማይወጣለት ቃል ነው። ተዋሽ ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን ይወስዳል እንጂ ቃሉ የተቀመጠበትን መደርደሪያ አይወስድም። አማርኛም የወሰደው ዕድሜንና ፀጉርን አንድ አድርጎ የሚያይ ስም ነው፤ የስምንት ዓመቱን ቀመር አልወሰደም።

የጎረቤታሞቹ ሕዝቦች ዓይን በፀጉር ላይ ማረፉ ደግሞ በጽሑፍ የተመሰከረ ነው። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ በግእዝ በጻፉት ድርሰት ስለ ኦሮሞ ተዋጊዎች ሲናገሩ፣ ሰው ወይም ትልቅ አውሬ የገደለ ራሱን ተላጭቶ በመካከል ጥቂት ፀጉር እንደሚያስቀር፣ ያልገደለ ግን እንደማይላጭና በቅማል እንደሚቸገር ጽፈዋል። እንዲያውም ለመግደል የሚጓጉበትን ምክንያት ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። ድርሰቱ የጠላት ብዕር ነው፤ ፍርዱንም እንደዚያው መቀበል አያሻም። ለቋንቋ ታሪክ ግን ትልቅ ነገር ይዟል፦ ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ የኢትዮጵያ ካህን፣ የላጨና ያልላጨ ራስ የሁለት ደረጃ ሰዎች ምልክት መሆኑን ያለ ማብራሪያ ተረድቶታል። በመካከል የቀረ ፀጉር እዚያ የገዳይ ምልክት ሲሆን በአማርኛ ተናጋሪው ቤት የሕፃን ነው። ቅርጹ ቢመሳሰልም የሚያነበው ማኅበረሰብ ይለያያል።

ከኦሮምኛ ቀሬ የሚለውም ቃል ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አናቷን የተላጨች ያላገባች ልጃገረድን የሚመለከት ሲሆን ከሳዱላ ጋር ጎን ለጎን የሚቆም ነው። ባለፉት ዓመታት ቄሮና ቀሬ ተብለው ወንዱና ሴቷ ወጣት በፖለቲካ ዜና ሲጠሩ፣ የአማርኛ አንባቢም ቃሉን ለመደው። የተማረው ግን የፖለቲካ ቃል አድርጎ ነው። ከፀጉር ወደ ዕድሜ፣ ከዕድሜ ወደ አደባባይ፤ የቁንጮን ጉዞ የሚያስታውስ መንገድ ነው።

ሹሩባ በወንድ ራስ ላይ ሲገኝ የጦር ሜዳ ክብር ነበር፤ የአፄ ቴዎድሮስና የአፄ ዮሐንስ ምስሎች ይህን ያሳያሉ። ስለ አዋቂ ወንድ ፀጉር እዚህ ማራዘም አያስፈልግም፤ አንድ ነጥብ ግን ይጠቅማል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ተቆርጦ የተወሰደው ፀጉራቸው፣ በ2011 ዓ.ም. ከለንደኑ የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ሲመለስ፣ ብዙ የአማርኛ መገናኛ ብዙኃን «ቁንዳላ» ብለው ጠሩት። በዕለት ንግግር እምብዛም የማይሰማ ቃል ነበር። አንድ ታሪካዊ ነገር በአካል ሲመጣ ስሙን ከተኛበት ቀስቅሶ ይዞት መጣ። የልጅ ፀጉር ስሞች ይህ ዕድል አላጋጠማቸውም፤ የሕፃን ቁንጮ በሙዚየም አይቀመጥም።

ወደ ነጭ ዓባይ ሲወረድ ሁኔታው በሌላ መልክ ይደገማል። ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1863 ከዛሬዋ ጁባ አቅራቢያ ከነበረው የጎንዶኮሮ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ የሎቱኮን አገር አየ፤ በ1866 ባሳተመውም መጽሐፍ የወንዶቹን ፀጉር በሰፊው ገለጸ። ፀጉሩ ከልጥ ክር ጋር እየተጠላለፈ እንደ ወፍራም የራስ ቁር ይሆናል፤ በጨሌና በመዳብ ያጌጣል፤ ለመጠናቀቅም ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ይፈጅ ነበር። ቤከር ስለሚያያቸው ሰዎች በንቀት የሚጽፍ መንገደኛ ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ ግን አድናቆቱን መደበቅ አቅቶታል። ሎቱኮ ሞኞሚጂ በሚባለው የዕድሜ ጓዶች ሥርዓት የሚተዳደር ሕዝብ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ዓመታትን በራስ ላይ ተሸክሞ መታየት እንግዳ አይሆንበትም።

ከሰሜን የወረደው ዐረብኛ ግን ፀጉርን በሌላ መንገድ ይሰይማል። በሱዳን ባህላዊው ቀጭን ሽሩብ «ሙሻጥ» ይባላል፤ ሥሩ «አበጠረ» ማለት ነው። ስሙ የወጣው ከእጅ ሥራው ነው፤ ስለ ባለ ፀጉሯ ዕድሜ የሚናገረው የለውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነጭ ዓባይ ዳር በነበሩ የወታደርና የነጋዴ ሰፈሮች የተወለደው ጁባ ዐረብኛ፣ ከዚህ ዓለም የወጣ የብዙ ሕዝቦች መግባቢያ ነው። ከ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በኋላ ከኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከኢትዮጵያ ብዙ ሠራተኛ ወደ ጁባ ጎረፈ፤ በ2003 ዓ.ም. ነጻነት ሲታወጅ እንግሊዝኛ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ሆነ። እንዲህ ባለ ከተማ፣ እናትየዋ በአንድ ቋንቋ፣ ፀጉር ሠሪዋ በሌላ ቋንቋ ሲነጋገሩ የሚያስፈልገው ስም የልጅቱን የዕድሜ ደረጃ የሚናገር አይደለም፤ ያንን ማንበብ የሚችል የጋራ ማኅበረሰብ በወንበሩ ዙሪያ የለም። የሚያስፈልገው በገበያ ዋጋ የሚጠየቅበት፣ ለማንም ራስ የሚሆን የሥራ ስም ነው። ቱዊስት ያሸነፈው እዚህ ነው።

በአዲስ አበባም ጉዳዩ ከዚህ አይርቅም። በምላጭ የሚለይ የልጅ ራስ ከከተማ ሲጠፋ፣ ፀጉር ሥራም ከእናትና ከአክስት እጅ ወጥቶ ወደ ተከፋይ ሙያተኛ ሲሻገር፣ የዕድሜ ስሞቹ የሚያርፉበት ራስ አጡ። ቱዊስት የተተካው በሳዱላ ቦታ ነው ቢባል ግን ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ይህ ስሕተት ዛሬ በባህል ትርኢትና በፋሽን ጽሑፍ ይታያል፤ ሳዱላ ከሹሩባና ከአፍሮ ጋር እንደ አንድ «ስታይል» ይሰለፋል። በዚህ አሰላለፍ የዐሥር ዓመት ልጅ ዛሬ ሳዱላ፣ ነገ አልባሶ ልትሠራ ትችላለች፤ ቃሉ በሕይወት በነበረበት ዘመን ግን አንዲት ልጅ ከሳዱላ የምትወጣው አንድ ጊዜ፣ በማግባት ብቻ ነበር።

በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ ደግሞ ተቃራኒው አደጋ አለ። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ ፀጉሩ ገና በገጠር ልጆች ራስ ላይ ነበር። ዛሬ አዲስ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው በእጁ ያለው የጽሑፍ ክምችት ጋሜን በአብዛኛው በ«ልጅነት» ፍቺው ነው የሚያሳየው። በዚያ ብቻ ተመርቶ የፀጉሩን ፍቺ ቢተው፣ አማርኛን ከቦረናው እርከን ጋር የሚያገናኘው ክር አብሮ ይቆረጣል። ቅደም ተከተሉም ቸል የሚባል አይደለም፤ ፀጉሩ አንደኛ፣ ዕድሜው ሁለተኛ ሆኖ ካልተጻፈ «በጋሜነቱ» የሚለው አነጋገር ምክንያት አልባ ሆኖ ይቀራል።

ቱዊስት የሚለውን ቃል አማርኛ የትኛው መደብ ውስጥ እንዳስገባው ግን ከወዲሁ ይታያል። «ልጅቱ ቱዊስት ተሠራች»፣ «ቱዊስቷን ፈታች» ይባላል፤ ሹሩባም የሚሠራና የሚፈታ ነውና። «ቱዊስት ነች» ወይም «በቱዊስትነቷ» የሚል የለም።