ፒ-ታው 217
ፒ-ታው 217 የአልዛይመር በሽታ በአንጎል ውስጥ የሚያስከትለውን ለውጥ ከደም ናሙና ለመለየት የሚያገለግል ጠቋሚ ፕሮቲን ነው። የነርቭ ሴሎችን ውስጣዊ መዋቅር የሚደግፈው ታው የተባለ ፕሮቲን 217ኛው አሚኖ አሲዱ ላይ ፎስፌት ሲታከልበት ይፈጠራል፤ ቤታ አሚሎይድ የተባለ ሌላ ፕሮቲን በአንጎል መከማቸት ሲጀምር በደም ውስጥ ያለው የፒ-ታው 217 መጠን ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሩት ጥናት፣ በሽታውን የሚያመጣ የዘረ መል ለውጥ በወረሱ ኮሎምቢያውያን ላይ ጭማሪው የመርሳት ምልክት ይጀምርበታል ተብሎ ከሚገመተው ዕድሜ 20 ዓመት ገደማ ቀድሞ ታይቷል። ትልቁ ጥቅሙ ውድ የሆነውን የአንጎል የፔት ምስልና ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳትን መቀነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፒ-ታው 217ን ከቤታ አሚሎይድ ጋር የሚያነጻጽር የደም ምርመራ፣ ምልክት ለሚታይባቸው ሰዎች ፈቅዷል። የኩላሊት በሽታም መጠኑን ስለሚጨምር ውጤቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።