ቱሪንጊያ፦ ታሪኳ፣ ገዥዎቿና መልክዓ ምድሯ

ቱሪንጊያ ከ16ቱ የጀርመን ፌዴራላዊ ክልሎች አንዷ ስትሆን የምትገኘው በአገሪቱ መካከል ነው። የቆዳ ስፋቷ 16 ሺህ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሕዝቧ ቁጥር ደግሞ 2 ነጥብ 1 ሚሊዮን ያህል ነው። ርእሰ ከተማዋ ኤርፈርት ናት። ይህች ክልል ከአማርኛ ቋንቋ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ስም አላት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በደቡብ ምዕራቧ የቱሪንጊያ ደን የሚባለው ተራራማ ሰንሰለት ተዘርግቷል። ከፍተኛው ጫፍ ግሮሰር ቤርበርግ 983 ሜትር ከፍታ አለው። ከሰንሰለቱ በስተሰሜን ለም የእርሻ ሜዳ ይገኛል። በመካከለኛው ዘመን የሜዳው ገበሬዎች ጨርቅ ሰማያዊ የሚያቀልም ተክል ያመርቱ ነበር። በዚህ ንግድ የበለጸገችው ኤርፈርት በ1392 ዩኒቨርሲቲ ከፈተች።

የጥንቱ የቱሪንጊያ መንግሥት በ531 በፍራንኮች እጅ ወደቀ። ከ1131 እስከ 1247 የሉዶዊንግ ቤተሰብ ገዛት፤ ከዚያም ግዛቲቱ ለቬቲን ቤተሰብ ተላለፈች። ማርቲን ሉተር ከ1521 እስከ 1522 በዋርትቡርግ አምባ ተጠግቶ ሐዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ። በአዲስ አበባ መካኒሳ የሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የሚከተለው የሉተራን ትምህርት መነሻም ያ የተሐድሶ ዘመን ነው።

የቬቲን መሳፍንት ግዛትን እንደ አባት ርስት ለወንዶች ልጆች ያካፍሉ ነበር። በ1485 ኤርነስትና አልብረኽት የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች አገሩን ለሁለት ከፈሉት፤ ከዚያ በኋላም ክፍፍሉ አልቆመም። ከ1640 ጀምሮ ጎታን የገዛው መስፍን ኤርነስት መንፈሳዊ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት የተጎዳውን ግዛቱን አቀና፤ በ1642 ወንድም ሴትም ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ደነገገ። በ1675 ሲሞት ግን ሰባት ወንዶች ልጆቹ ግዛቱን በ1680 ለሰባት ተካፈሉት።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ የመጡት በዚሁ መስፍን ግብዣ ነው። የአማራው ተወላጅ መነኩሴ በ1649 በሮም ከኤርፈርት ተወላጁ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋውቀው ነበር። በ1652 በጎታው ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ፣ አስተዳደርና ቋንቋ ለቀረበላቸው ጥያቄ መልስ ሰጡ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ።

መሳፍንቱ በ1918 ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1920 ሰባት ትናንሽ ግዛቶች ተባብረው ቱሪንጊያን መሠረቱ። ያን ጊዜ ርእሰ ከተማዋ ቫይማር ነበረች። ኤርፈርት የፕሩሲያ ግዛት ስለነበረች የተቀላቀለችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1952 ክልሏን አፍርሶ በሦስት አውራጃዎች ከፈላት። በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ እንደገና ተቋቋመች። ዛሬ የሚመራት በምክር ቤት የሚመረጥ ርእሰ መስተዳድር ነው። በርስት ክፍፍል ለዘመናት የተቆራረሰችው ምድር አሁን በአንድ ሕግና በአንድ ምክር ቤት ትተዳደራለች።