ሸዋ ቡና መጠጣት የጀመረበት ዘመን

የቡና ዛፍ መነሻው የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የየመን ሱፊዎች፣ ማለትም ሌሊቱን በጸሎትና በዝክር የሚያሳልፉ የእስልምና መንፈሳውያን፣ እንቅልፍ ለማባረር ይጠጡት እንደነበር ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ነው። ቡናን አገኘ የሚባለው የፍየል እረኛው የካልዲ ታሪክ ግን ፋውስቶስ ናይሮኒ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ካሳተመው መጽሐፍ የተቀዳ ሲሆን፣ እዚያ እረኛው ስም እንኳ ስለሌለው ለማስረጃነት አይበቃም።

ይልቅ የሚያከራክረው የሸዋ ክርስቲያን ቡናን በማን ምክንያት ለመደው የሚለው ነው። ቡና ከጫት ጋር ተደምሮ የሙስሊም መለያ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ ካህናቱ ምእመናን እንዳይጠጡት ይከለክሉ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ መጽሐፋቸው ይህ አመለካከት የተለወጠው ከ1872 እስከ 1878 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን ጠቅሰው፣ ምክንያቱን ንጉሥ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ጠጪ በመሆናቸውና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ በማለዘባቸው ያስረዳሉ። ለውጡን ከንግድ ጋር ማያያዝም ይቻላል፤ በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ቡና አብቃይ በሆነው የጊቤ አካባቢ ላይ የበላይነት አግኝተዋልና። ሆኖም ትርፍ የሚገኝበትን ዕቃ ወደ ውጭ ሸጦ ራስ አለመጠጣት ስለሚቻል፣ የጳጳሱ ድርሻ የበለጠ ክብደት ያለው ይመስላል፤ እሳቸው የመጡባት ግብፅ ቡናን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠጣባት አገር ስለነበረች፣ ስኒውን የሃይማኖት ምልክት አድርገው የሚያዩበት ምክንያት አልነበራቸውም።

የቤተ መንግሥቱና የጳጳሱ ፈቃድ ነውሩን አነሳ እንጂ ልማዱን በየቤቱ አላስገባም። እሱን ያስገባው የአፈላሉ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል፦ ጥሬው ታጥቦ በብረት ምጣድ ይቆላል፣ ጢሱ በእንግዶቹ ፊት ይዞራል፣ በሙቀጫ ተወቅጦ ጀበና ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ስለሚቀዳ ለአንድ ሰው ብቻ የሚፈላበት ምክንያት የለም። ጎረቤት ይጠራል፣ የተጠራችውም በተራዋ ትጠራለች፤ በዚህ መንገድ ልማዱ ከቤት ወደ ቤት ያለ አዋጅ ተሻገረ። ቅቤና ወተት የሌለበት ቡና በጾም ወራት አለመከልከሉም ሳይረዳው አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ቡና በገበያውም በከተማውም ቀስ በቀስ ተስፋፋ፣ ባላገሩም ተከተለ።

ዛሬ አገሪቱ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ እዚሁ የሚጠጣ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ዳር ረከቦትና ዱካ ዘርግተው የጀበና ቡና የሚሸጡ ሴቶች ደንበኞቻቸው በአብዛኛው የማይተዋወቁ መንገደኞች ናቸው፤ ስኒውም በነጠላ ስለሚሸጥ ቶናና በረካ እስኪደርስ የሚቀመጥ ብዙ አይገኝም።